ክርስቲያንና ጦርነት፤ መዋጋት የሚገባው መቼ ነው?

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።



ለዚህ ጽሑፍ ምክንያት የሆነው ባለፈው ወር ከጉባኤ በኋላ በነበረን የጥያቄና መልስ ጊዜ አንዲት እኅታችን ተነሥታ ያቀረበችው ጥያቄ ነው። ታላቅ ወንድሟ ወታደር ነበር። በጥቅምት 2013 ዓ.ም. በሰሜን የአገራችን ክፍል በተጀመረውና በጥቅምት 2015 ዓ.ም. በፕሪቶሪያ ስምምነት እንዲቆም በተደረገው ጦርነት ተሰልፎ በሕይወት ተመልሷል። «ከተመለሰ ጀምሮ እሑድ እሑድ አብሮን ይመጣል፤ ነገር ግን ከደጀ ሰላሙ አያልፍም። ቅዳሴው እስኪያልቅ ከውጭ ቆሞ ይሰማል። ግባ ስንለው ‹እጄን አታውቁትም› ይለናል። ለመሆኑ ትክክል ነው ወይ?» ስትል ጠየቀችን።

የዚያን ዕለት መልስ የመስጠት ተራው የእኔ ነበረና ቸኩዬ መለስሁ። «ለአገሩ የተዋጋ ሰው ኃጢአት የለበትም፤ ቢሞትም ሰማዕት ነው። ስለዚህ ወንድምሽ ያለ አንዳች ፍርሃት ይግባ» አልሁ። አንዳንዶች አጨበጨቡ። እርሷ ግን ዝም ብላ ተቀመጠች። «በሰው ቁስል እንጨት ስደድበት» እንደሚባለው መሆኑ የገባኝ ፊቷን ሳይ ነው። እኔ የመለስሁት ለአጨብጫቢው እንጂ ለቆመው ወንድሟ አልነበረም። ከዚያ ወዲህ ባሉት ሳምንታት መጻሕፍትን አገላበጥሁ፤ አባቶችንም ጠየቅሁ። ያገኘሁትን እነሆ አቀርባለሁ። ስሕተት ቢገኝበት የእኔ ስለ ሆነ አባቶች ያርሙኝ።

1. ቅዱሳት መጻሕፍት ምን ያስተምሩናል?

በመጀመሪያ ልናስተውለው የሚገባ ነገር አለ። ይኸውም መጽሐፍ ቅዱስ ስለዚህ ጉዳይ በአንድ በኩል ብቻ የሚናገር አለመሆኑ ነው። በኦሪት መግደል ተከልክሏል (ዘጸ. 20፥13)። ጌታችን በተራራው ስብከቱ ክፉን በክፉ እንዳንቃወም፣ ጠላቶቻችንንም እንድንወድ አዝዞናል (ማቴ. 5፥39-44)። በጌቴሴማኒም ጴጥሮስ ሰይፉን ወደ ሰገባው እንዲመልስ አድርጓል (ማቴ. 26፥52)። በሌላ በኩል ደግሞ ወታደሮች ወደ መጥምቁ ዮሐንስ መጥተው ምን እናድርግ ባሉት ጊዜ ሥራችሁን ተዉ አላላቸውም። ማንንም እንዳይበድሉ፣ በሐሰት እንዳይከስሱ፣ ደመወዛቸውም እንዲበቃቸው ነገራቸው (ሉቃ. 3፥14)። ከአሕዛብ ወገን መንፈስ ቅዱስ ከወረደላቸው የመጀመሪያዎቹ አንዱ ቆርኔሌዎስም የመቶ አለቃ ነበረ (ሐዋ. 10)። ቅዱስ ጳውሎስም ገዥ ሰይፍ የታጠቀው በከንቱ እንዳይደለ ጽፏል (ሮሜ 13፥4)።

እንግዲህ አንዱን ወገን ብቻ ይዞ የሚከራከር ሰው ግማሹን መጽሐፍ ዘግቶ ነው የሚከራከረው። ሁለቱን አንድ ላይ ለማየት የንጉሥ ዳዊትን ታሪክ እናስታውስ። ዳዊት እንደ እግዚአብሔር ልብ የተባለ ንጉሥ ነው። ብዙዎቹን ጦርነቶቹን ያደረገውም እግዚአብሔርን እየጠየቀ ነው። ነገር ግን ቤተ መቅደስ ሊሠራ ባሰበ ጊዜ ብዙ ደም ስላፈሰሰ ተከለከለ (1ኛ ዜና 22፥8)። ልብ በሉ፤ ዳዊት አልተጣለም፤ መዝሙሩም አልተሻረም። ቢሆንም የፈሰሰው ደም እንዳልፈሰሰ አልተቆጠረለትም። የጽሑፌ ሁሉ ሐሳብ በዚህ ውስጥ አለ ማለት እችላለሁ።

2. ሁለቱ አባቶች

ቅዱስ አትናቴዎስና ቅዱስ ባስልዮስ ሁለቱም የቅዳሴያቸውን ስም የምናውቃቸው አባቶች ናቸው። ቅዱስ አትናቴዎስ ደግሞ አባ ሰላማን ጵጵስና ሾሞ ወደ አገራችን የላከልን ነው። ሁለቱም በአራተኛው መቶ ዓመት ስለ ጦርነት ጽፈዋል፤ ሲያዩት ግን የተለያዩ ይመስላሉ።

ቅዱስ አትናቴዎስ አሞን ለተባለ መነኵሴ በጻፈው መልእክት አንድ ሥራ እንደ ጊዜው ሊከለከልም ሊፈቀድም እንደሚችል ሲያስረዳ ጦርነትን ለምሳሌ ያነሣል። ሰው መግደል ያልተፈቀደ ሲሆን፣ በጦርነት ጠላትን መግደል ግን በሕግ የተፈቀደና የሚመሰገን እንደሆነ ይናገራል። እኔ በጉባኤው የመለስሁት ይህን ግማሽ ነበር።

ቅዱስ ባስልዮስ ዘቂሣርያ ለአምፊሎኪዮስ በላከው የቀኖና መልእክት ላይ ግን በአሥራ ሦስተኛው ቀኖና ሌላ ነገር እናገኛለን። ከእርሱ በፊት የነበሩት አባቶች በጦርነት መግደልን ከነፍሰ ገዳይነት እንዳልቆጠሩት ይመሰክራል፤ አይቃወማቸውምም። ቀጥሎ ግን እጃቸው ንጹሕ ስላልሆነ ሦስት ዓመት ከቅዱስ ቍርባን ብቻ ቢታቀቡ መልካም ሳይሆን እንደማይቀር ይመክራል። ፍርድ አድርጎ አልደነገገውም፤ ምክር ነው። ነገር ግን የወታደሩን ኅሊና የሚያውቅ አባት ምክር ነው።

ከእኔ መልስ ጋር ደግሞ ይህን አስተያዩ። በአሥረኛው መቶ ዓመት በቊስጥንጥንያ የነገሠው ኒቄፎሮስ ፎቃስ በጦርነት የወደቁ ወታደሮቹ ሁሉ ሰማዕታት እንዲባሉ ጠየቀ። የቊስጥንጥንያው ፓትርያርክ ግን ይህንኑ የቅዱስ ባስልዮስን ቀኖና ጠቅሶ እንቢ አለ። ሰማዕት የሚባለው ስለ እምነቱ የተገደለ እንጂ የገደለ አይደለምና። ሐምሌ 22 ቀን 1928 ዓ.ም. በፋሺስቶች ጥይት የተገደሉትን አቡነ ጴጥሮስን እናስብ። በእጃቸው መስቀል እንጂ ጠመንጃ አልነበረም።

3. ስድስቱ ጥያቄዎች

እንግዲህ ጦርነት ሁልጊዜ ደም ያለበት ከሆነ፣ አንዳንድ ጊዜ ደግሞ የማይቀር ከሆነ፣ መቼ ነው የሚገባው? በሰሜን አፍሪካ የሂፖ ኤጲስ ቆጶስ የነበረው አውግስጢኖስ (354-430 እ.ኤ.አ.) ስለዚህ ብዙ ጽፏል። በ13ኛው መቶ ዓመት ቶማስ አኵዊናስ ሐሳቡን በሦስት ነጥቦች ሰበሰበው፤ እነርሱም ሥልጣን፣ ምክንያትና የልብ አሳብ ናቸው። ከእነርሱ በኋላ የመጡ መምህራንና የሕግ ሊቃውንት ሌሎች ጨመሩበት። እኔም ለጥናታችን እንዲመች በስድስት ጥያቄዎች አቅርቤዋለሁ። ከስድስቱ አንዱን ብቻ መመለስ አይበቃም፤ ሁሉም መመለስ አለባቸው።

ሀ) የሚያዝዘው ማን ነው? ጦርነትን ማወጅ ለሕዝብ ደኅንነት ኃላፊነት ያለበት አካል ሥራ ነው። ቂም ያለው ሁሉ ጦር ማስነሣት ከቻለ የሚቀረው ሽፍትነት ነው።

ለ) ምክንያቱ ምንድን ነው? ክብርን ማሳየት፣ ግዛትን ማስፋት፣ ያለፈን ቂም መወጣት በቂ ምክንያቶች አይደሉም። በ1945 እ.ኤ.አ. የጸደቀው የተባበሩት መንግሥታት ቻርተርም በአንቀጽ 2 ንኡስ አንቀጽ 4 ኃይልን መጠቀም ከልክሎ፣ በአንቀጽ 51 ጥቃት ሲደርስ ራስን መከላከልን ፈቅዷል።

ሐ) ልብ ምን ይሻል? አባታችን አብርሃም የወንድሙ ልጅ ሎጥ በተማረከ ጊዜ ሎሌዎቹን አስከትቶ ተከትሎ አስጣለ። የሰዶም ንጉሥ ምርኮውን ውሰድ ባለው ጊዜ ግን ከፈትል እስከ ጫማ ማሰሪያ እንደማይወስድ ማለ (ዘፍ. 14)። ሰው ለምን እንደተዋጋ ከድል በኋላ በሚያደርገው ይታወቃል።

መ) ሌላ መንገድ ሁሉ ተሞክሯል ወይ? በኦሪት እንኳ ወደ ከተማ ለጦርነት የቀረበ ሠራዊት አስቀድሞ ሰላምን እንዲያቀርብ ታዝዟል (ዘዳ. 20፥10)። ከታሪካችን ዓድዋን እንውሰድ። የውጫሌ ውል የተፈረመው ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. ነው። የ17ኛው አንቀጽ ኢጣልያንኛው ኢትዮጵያ ከሌሎች መንግሥታት ጋር የምትነጋገረው በኢጣልያ በኩል እንዲሆን ሲያስገድድ፣ አማርኛው በፈቃድ የተወ ነበር። ዳግማዊ አፄ ምኒልክ ይህን ባወቁ ጊዜ ወዲያው ጦር አላነሡም። በደብዳቤ ተከራከሩ፤ በ1885 ዓ.ም. ውሉን እንደማይቀበሉ አስታወቁ። የክተት አዋጅ የወጣው በመስከረም 1888 ዓ.ም. የኢጣልያ ጦር ትግራይን ከያዘ በኋላ ነው። ከፊርማው እስከ ዓድዋ ድል ድረስ ወደ ሰባት ዓመት ነው።

ሠ) ከሚመጣው ጥፋት የሚገኘው በጎ ነገር ይበልጣል ወይ? ጌታችን ስለ ደቀ መዝሙርነት ሲያስተምር፣ በአሥር ሺህ ሠራዊት ሃያ ሺህ ይዞ የሚመጣበትን ሊገጥም ተቀምጦ የሚያስብን ንጉሥ ምሳሌ አድርጓል (ሉቃ. 14፥31)። ይህ ጥያቄ ግን ቍጥር መደመር ብቻ እንዳይመስለን። አርበኞቻችን ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ሲዋጉ በመሣሪያ የሚተካከሉ አልነበሩም። ቢሆንም እጅ መስጠት ደም ማፍሰስን አያስቀርም ነበር። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በአዲስ አበባ፣ በዚያው ዓመት በግንቦት ወር ደግሞ በደብረ ሊባኖስ የተጨፈጨፉት መሣሪያ ያልያዙ ሰዎችና መነኮሳት ናቸው።

ረ) በውጊያው ውስጥ የማይነካ ማን ነው? ምክንያቱ ጻድቅ የሆነ ሰው ሁሉ ነገር የተፈቀደለት አይደለም። በዓድዋ ዘመቻ በጥር 1888 ዓ.ም. በመቀሌ እንዳ ኢየሱስ ምሽግ የተከበበውና ውኃ የተቋረጠበት የኢጣልያ ጦር መሣሪያውን እንደያዘ በሰላም እንዲወጣ ተፈቅዶለታል። ይህን ስንተርክ ደስ ይለናል። ነገር ግን ከድሉ በኋላ ከኢጣልያ ጋር ተሰልፈው የተማረኩ በመቶዎች የሚቆጠሩ አስካሪዎች ቀኝ እጃቸውና ግራ እግራቸው ተቈርጧል። እነዚህ የራሳችን ቋንቋ የሚናገሩ፣ ብዙዎቹም የእምነታችን ልጆች ነበሩ። ዓድዋ የሚገባ ጦርነት እንደ ነበረ አምናለሁ። በሚገባ ጦርነት ውስጥም የማይገባ ነገር እንደተደረገ መካድ ግን ለድሉ ክብር አይጨምርለትም።

4. «እውነቱ የእኔ ነው» ማለት ይበቃል ወይ?

ብዙ ጊዜ ስንከራከር ለሁለተኛው ጥያቄ መልስ ካገኘን ሌሎቹን እንረሳቸዋለን። «መሬቱ የእኛ ነው» ካልን ነገሩ ያለቀ ይመስለናል። እኔም የሕግ ትምህርት ጀምሬ የሚከተለውን እስካነብ ድረስ እንደዚሁ ይመስለኝ ነበር።

በግንቦት 1990 ዓ.ም. በባድመ ምክንያት በኢትዮጵያና በኤርትራ መካከል ጦርነት ተነሣ። በሁለት ዓመት ውስጥ በአሥር ሺህ የሚቆጠሩ ወጣቶች አለቁ። ሁለቱም ወገን መሬቱ የእኔ ነው ይል ነበር፤ በሁለቱም ወገን ያሉ እናቶች በአንድ ቋንቋ ወደ አንዲት ኪዳነ ምሕረት ይለምኑ ነበር። ታኅሣሥ 3 ቀን 1993 ዓ.ም. በአልጀርስ ስምምነት ሲፈረም ሁለት ኮሚሽኖች ተቋቋሙ፤ አንዱ ድንበሩን፣ ሌላው ካሣውን የሚመለከት።

የድንበር ኮሚሽኑ በሚያዝያ 1994 ዓ.ም. በሰጠው ውሳኔ ባድመ በኤርትራ በኩል ዋለች። የካሣ ኮሚሽኑ ደግሞ በታኅሣሥ 1998 ዓ.ም. ውጊያውን በጉልበት የጀመረችው ኤርትራ ቻርተሩን እንደጣሰችና ኃላፊ እንደሆነች ወሰነ። እንግዲህ ሁለቱን ውሳኔዎች አጠገብ ለአጠገብ አስቀምጡአቸው። መሬቱ የኤርትራ ነው ተባለ፤ መሬቱን በጦር መያዝ ግን በደል ነው ተባለ። ይህ እርስ በርሱ የሚጋጭ አይደለም። የድንበር ክርክር የሌለው አገር ጥቂት ነው፤ እውነት አለኝ የሚል ሁሉ መተኮስ ከተፈቀደለት ሰላም የሚያገኝ አገር አይኖርም። ያ ኮሚሽን በምርኮኞችና በሰላማዊ ሰዎች ላይ ለተፈጸመው በደል ደግሞ ሁለቱንም መንግሥታት ተጠያቂ አድርጓል። ኢትዮጵያም ብትሆን የድንበሩን ውሳኔ ለረጅም ጊዜ ሳትፈጽም ቆይታለች፤ እስከ 2010 ዓ.ም. ድረስ ሁለቱ ሕዝቦች ጦርነትም ሰላምም በሌለበት ሁኔታ ተለያይተው ኖረዋል።

ስለዚህ «እውነት አለኝ» የሚለው መልስ ነገሩን የሚጀምረው እንጂ የሚዘጋው አይደለም። ከዚህም ሌላ አንድ ነገር ተማርሁ። ጥያቄዎቹ የተሠሩት ጠላትን ለመመርመር አይደለም። ጠላትንማ ያለ ጥያቄም እንኰንነዋለን። የተሠሩት የራስን ወገን ለመመርመር ነው።

5. ጥያቄው ለማን ነው?

ከ«ሀ» እስከ «ሠ» ያሉት አምስቱ ጥያቄዎች በዋናው የሚመለከቱት የሚያዝዙትን ነው። የእኅታችን ወንድም ጦርነቱን አላወጀም፤ ድርድሩንም አላቋረጠም። በዚያ ረገድ የሚጠየቁ ሌሎች ናቸው፤ ትልቁን ሸክም በእርሱ ላይ መጫን ፍርድ ማጓደል ይሆናል። ስድስተኛው ጥያቄ ግን የእያንዳንዱ ወታደር ነው። ምርኮኛው ፊት ለፊቱ ቆሞ ሳለ፣ የቤቱም በር ሲከፈት፣ መልሱን የሚሰጠው አዛዡ ብቻ ሳይሆን ጠመንጃውን የያዘው ሰው ነው። መጥምቁ ዮሐንስ ለወታደሮቹ የነገራቸው ይህንኑ ነው።

እኛ ከቤት የቀረነውስ? እኛ አልተኮስንም። ነገር ግን በሬዲዮ ወሬ በሰማን ቁጥር የሞተውን «ጠላት» ቈጥረን የተደሰትን፣ የአንድን ሕዝብ ስም በስድብ የጠራን፣ በስልክ ጥላቻ የተቀባበልን ስንቶች ነን? ወታደሩ እጁ ንጹሕ እንዳልሆነ አውቆ ከደጅ ሲቆም፣ እኛ አንደበታችን ንጹሕ የሆነ መስሎን ከፊት ረድፍ ቆመን እናስቀድሳለን። ይህን ስጽፍ ከሁሉ በፊት ራሴን እወቅሳለሁ።

6. ከደጀ ሰላም ወደ ውስጥ

አሁን ወደ እኅታችን ጥያቄ እንመለስ። ወንድሟ ትክክል ነው ወይ?

የቅዱስ ባስልዮስን ምክር ደግመን ስንመለከተው ሁለት ገጽታ አለው። አንደኛው፣ እጅህ ምንም አልነካውም ብሎ አይሸነግልም። ስለዚህ የወንድሟ ኅሊና አልተሳሳተም፤ እኔ ነኝ የተሳሳትሁት። ሁለተኛው ግን፣ ሦስት ዓመት ብሎ ወሰን ያደርግለታል፤ መታቀቡም ከቍርባን ብቻ ነው። ይኸው አባት በሌላ ቀኖናው (56) አስቦ ነፍስ ለገደለ ሰው ሃያ ዓመት የንስሐ ዘመን ሲሰጥ፣ የመጀመሪያዎቹን አራት ዓመታት ከቤተ ክርስቲያን በር ውጭ ቆሞ እንዲያለቅስ ያዝዛል። ወታደሩን ግን ከበር ውጭ አላቆመውም። ከምእመናን ጋር ሆኖ እንዲጸልይ ተወው።

እንግዲህ ወንድማችን ራሱን ያቆመው አባቶች ባላቆሙት ቦታ ነው። ሐዘኑ እውነተኛ ነው፤ ለሐዘኑ ግን በር አለው። የንስሐውን መጠንና ጊዜ የሚወስነው እኔ ወይም ይህ ጽሑፍ ሳይሆን የንስሐ አባቱ ነው። ይህን ለእኅታችን ስነግራት ስለ ቸኮልሁበት መልስ ይቅርታ ጠየቅኋት። እርሷም «እንግዲያስ እስከ መቅደሱ በር ባይሄድ እንኳ እኔ አጠገብ መቆም ይችላል ማለት ነው» አለችኝ። አዎን፣ ማለት ነው።

ሲጠቃለል፣ ጦርነት አንዳንድ ጊዜ ግዴታ ሊሆን ይችላል፤ ጽድቅ ግን አይሆንም። ከስድስቱ ጥያቄዎች አንዱ እንኳ ሳይመለስ የሚነሣ ጦርነት በደል ነው። ሁሉም ተመልሰው የሚደረገው ደግሞ ከበሮ የሚመታበት ሳይሆን ንስሐ የሚገባበት ነው። ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ወደ አዲስ አበባ ሲመለሱ ሕዝቡ ክፉን በክፉ እንዳይመልስ መለመናቸውን እናስታውስ። ያ ልመና የቀረበው የየካቲት 12 እንባ ገና ሳይደርቅ ነው። ከዚያ የቀለለ ምክንያት ይዘን ይቅር ማለት ከቃተን ጥያቄዎቹን ገና አልጀመርናቸውም።

የመወያያ ጥያቄዎች፦

1. ዳዊት ቤተ መቅደስ እንዳይሠራ መከልከሉ ቅጣት ነው ወይስ ትምህርት? ሐሳባችሁን በጥቅስ አስደግፉ።
2. የቅዱስ አትናቴዎስና የቅዱስ ባስልዮስ ትምህርት ይጋጫል ትላላችሁ? ካልተጋጨ እንዴት ይስማማል?
3. ከስድስቱ ጥያቄዎች የራስን ወገን ለመጠየቅ የሚከብደው የትኛው ነው? ለምን?
4. ከጦር ሜዳ የተመለሰ ወንድም ወይም እኅት በሰፈራችሁ ቢኖር የሰንበት ትምህርት ቤታችን ምን ልታደርግለት ይገባል?

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።